የኮሪያን ጥንታዊ የሰማይ መሣሪያዎች ለማየት፦ ከዝግጅት እስከ ንባብ፣ ደረጃ በደረጃ

ኮሪያ ደርሰው የመጡ ሰዎች ቾምሶንግዴ ስለሚባለው ጥንታዊ የከዋክብት መመልከቻ ሲጠየቁ መልሳቸው ይመሳሰላል። "የድንጋይ ግንብ ነው፤ ፎቶ ተነሥተን ሄድን።" ሴኡል ያለውን የከዋክብት ካርታ ደግሞ ብዙዎቹ አላዩትም። ቤተ መንግሥቱን ዞረው ሲያበቁ አጠገቡ ያለውን ሙዚየም አልፈውት ይሄዳሉ። የፀሐይ ሰዓቱን ያገኙት "ግማሽ ሰዓት ያህል ይሳሳታል" ይላሉ። ሰዓቱ አልተሳሳተም። ችግሩ አነባበቡ ላይ ነው።

እነዚህ ዕቃዎች እንዴት እንደሚሠሩ ሳታውቁ ፊታቸው ብትቆሙ ምንም አይነግሯችሁም። አውቃችሁ ከሄዳችሁ ግን ሁለት ቀን ይበቃል። አንዱን ቀን ሴኡል፣ ሌላውን ቾምሶንግዴ ባለባት ከተማ በግዮንግጁ ታሳልፋላችሁ። ቅደም ተከተሉን አትቀይሩ። ከቀየራችሁም ምክንያት ይኑራችሁ፤ ምክንያቶቹን በየቦታው አስቀምጫለሁ።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ሰዓት የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው። ዓመተ ምሕረት ግን በፈረንጆች ነው።

## ደረጃ 1፦ ከመነሣታችሁ በፊት

1.1 ወቅት ምረጡ። ለፀሐይ ሰዓት ፀሐይ ያስፈልጋል። የኮሪያ ዋናው ዝናብ ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ይወርዳል። ያኔ አትሂዱ። ምርጡ ጊዜ ጥቅምትና ኅዳር ነው፤ ሰማዩ ይጠራል፣ ብርዱም ገና አልበረታም። ታኅሣሥና ጥርም ሰማዩ ጥሩ ነው። ሴኡል ግን ከዜሮ በታች ስለሚወርድ ወፍራም ካፖርትና ጓንት ያዙ። በመጋቢትና በሚያዝያ አቧራ የተሸከመ ነፋስ የሚመጣባቸው ቀናት አሉ።

1.2 በዓላቱን አረጋግጡ። በጨረቃ አቆጣጠር የሚከበሩት ሶላል (አዲስ ዓመት) እና ቹሶክ (የመከር በዓል) በየዓመቱ ቀናቸው ይቀያየራል። በነዚያ ቀናት አገሬው በሙሉ ወደ ቤተሰቡ ይጓዛል። የባቡር ትኬት ቀድሞ ያልቃል። ሙዚየሙም በበዓሉ ዕለት ይዘጋል።

1.3 የሴኡሉን ቀን ረቡዕ አድርጉት። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። የግዮንግቦክጉንግ ቤተ መንግሥት ማክሰኞ ዝግ ነው። ቻንግግዮንግጉንግና ቻንግዶክጉንግ የሚባሉት ሌሎቹ ቤተ መንግሥቶች ሰኞ ዝግ ናቸው። የከዋክብት ካርታው ያለበት ብሔራዊው የቤተ መንግሥት ሙዚየም ረቡዕና ቅዳሜ እስከ ማታ 3 ሰዓት ይቆያል። ስለዚህ ረቡዕ ሁሉም ክፍት ነው፤ ጠዋት ደመና ከሆነም ሙዚየሙን ወደ ማታ መግፋት ትችላላችሁ። ቅዳሜም ይሆናል፤ ሰው ግን ይበዛል። የመግቢያ ሰዓትና ዋጋ ስለሚቀያየር ከመሄዳችሁ በፊት በየድረ ገጻቸው እዩ።

1.4 ቪዛ። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትጓዙ ቪዛ ያስፈልጋችኋል። ማመልከቻውን ቀደም ብላችሁ አስገቡ፤ ቪዛው እጃችሁ ሳይገባ የማይመለስ ትኬት አትግዙ። በአሜሪካ፣ በአውሮፓ ወይም በእስራኤል ፓስፖርት የምትጓዙ ለአጭር ጉብኝት ቪዛ ባያስፈልጋችሁም፣ የኦንላይን የቅድመ ጉዞ ፈቃድ ይመለከታችሁ እንደሆነ አረጋግጡ። ሕጉ በየጊዜው ይሻሻላል።

1.5 ስልካችሁን አዘጋጁ። ጉግል ማፕ ኮሪያ ውስጥ የእግር መንገድ በደንብ አይመራም። ኔቨር ማፕ ወይም ካካኦ ማፕ አውርዱ፤ የምትሄዱባቸውን ቦታዎች ቀድማችሁ አስቀምጡባቸው። ስማቸውንም በኮሪያ ፊደል ኮፒ አድርጋችሁ ያዙ። ታክሲ ውስጥ ስሙን በአፍ ከመጥራት ስክሪኑን ማሳየት ይሻላል።

1.6 የእጅ ሰዓታችሁን አትንኩት። ይህን ስነግራቸው የማያምኑኝ አሉ። ሴኡል ከአዲስ አበባ 6 ሰዓት ትቀድማለች። በእኛ አቆጣጠር የተሞላ ባለ ሁለት እጅ ሰዓት ካላችሁ፣ ሴኡል ስትደርሱ በፈረንጆች አቆጣጠር ልክ ሆኖ ታገኙታላችሁ። አዲስ አበባ ቀትር ላይ የእኛ ሰዓት 6 ይላል፤ ሴኡል ያኔ ከምሽቱ 12 ሰዓት ሲሆን እነሱ 6 ይሉታል። አስጠንቅቄ ልለፍ፦ የባቡር ትኬት ላይ የሚታተመው በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። ትኬት ላይ 13:00 ካያችሁ የእኛ 7 ሰዓት ነው። 6 ቀንሱ።

1.7 ቤት ውስጥ ተለማመዱ። ይህን ደረጃ አትዝለሉት። ኮሪያ ውስጥ የምታዩት የፀሐይ ሰዓት ጎድጓዳ ነው፤ ጥላው የሚያርፈው ውስጡ ላይ ነው።

- ግማሽ ክብ የሆነ ጎድጓዳ ሳህን አምጡ።
- መሀሉ ላይ ሊጥ ወይም ጭቃ አድርጉና ቀጭን እንጨት አቁሙበት።
- ማስመሪያ በሳህኑ አፍ ላይ አጋድሙ። የእንጨቱ ጫፍ ማስመሪያውን ልክ መሀሉ ላይ መንካት አለበት። ረዝሞ ከወጣ ቁረጡት፤ ካጠረ ቀይሩት።
- ሳህኑን ደልዳላ ቦታ ላይ ፀሐይ አስመቱት። በየግማሽ ሰዓቱ የጥላው ጫፍ ያረፈበትን በማርከር ነጥቡ።

ሁለት ነገር ታያላችሁ። ጥላው ከፀሐይዋ በተቃራኒ ይሄዳል፤ ጠዋት ሳህኑ ምዕራብ በኩል፣ ከሰዓት በኋላ ምሥራቅ በኩል ነው። ቁምነገሩ ያለውም ጫፉ ላይ ብቻ ነው፤ የጥላው ርዝመትና ውፍረት አያስፈልግም። አዲስ አበባ ውስጥ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ግድም ፀሐይ ቀትር ላይ በሰሜን በኩል ስለምታልፍ ጥላው ወደ ደቡብ ያጋድላል። አትደናገጡ። ኮሪያ ላይ ይህ አይሆንም፤ እዚያ ፀሐይ ቀትር ላይ ሁሌም በደቡብ ናት።

1.8 አንድ የ10,000 ዎን (የኮሪያ ገንዘብ) ኖት ይዛችሁ አስቀሩ። ስትመነዝሩ አትጨርሱት። ፊቱ ላይ ንጉሥ ሴጆንግ አለ። ጀርባውን ገልብጡት፦ ሆንቾኑኢ የሚባለው የሰማይ ቀለበቶች መሣሪያ፣ ከኋላው የ1395ቱ የከዋክብት ካርታ፣ ጎኑ ላይ ደግሞ በቦህዮንሳን ተራራ ያለው ባለ 1.8 ሜትር ቴሌስኮፕ ታትመዋል። ካርታው ፊት ስትቆሙ ይህን ኖት ታወጡታላችሁ።

## ደረጃ 2፦ ሴኡል፣ ጠዋት፦ ድንጋዩ ላይ ያለው ሰማይ

2.1 በሜትሮ 3ኛው መስመር ግዮንግቦክጉንግ ጣቢያ ውረዱ። በመውጫ ቁጥር 5 ውጡ። ሙዚየሙ እዚያው ነው። መግቢያ አይከፈልም። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ሲከፈት ድረሱ፤ የተማሪ ቡድኖች ሳይመጡ ትገባላችሁ።

2.2 ወደ ምድር ቤት ውረዱ። የሳይንስ ዕቃዎቹ ያሉት እዚያ ነው። ብዙ ሰው ላይኛው ፎቅ ዘውድና ልብስ ሲያይ ይደክመውና ወደ ታች ሳይወርድ ይወጣል። እናንተ ከታች ጀምሩ።

2.3 ቾንሳንግ ዮልቻ ቡንያጂዶ የተባለውን ጥቁር ድንጋይ ፈልጉ። ቁመቱ ከ2 ሜትር ይበልጣል። በ1395 በንጉሥ ቴጆ ዘመን የተቀረጸ ነው። 1,467 ከዋክብት አሉበት። ድንጋዩ ተፍቋል፣ መብራቱም ደብዘዝ ያለ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ምንም ካልታያችሁ ጥፋቱ የዓይናችሁ አይደለም። እንዲህ አድርጉ፦

- ፍላሽ አጥፉ። ፍላሽ ክልክል ነው፤ ቢፈቀድ እንኳ ቀጥታ ብርሃን ጭረቱን ያጠፋዋል።
- ፊት ለፊት አትቁሙ። ወደ ጎን ፈቀቅ በሉ፤ ብርሃኑ ከጎን ሲያርፍ ቅርጹ ጥላ ይይዛል።
- በ1687 የተቀረጸው ግልባጭ ለእይታ ቀርቦ ከሆነ ቅድሚያ እሱን አንብቡ፤ ያኛው ይበልጥ ይነበባል። ካጣችሁት የ10,000 ዎን ኖታችሁን አውጡ።

2.4 ካርታውን በዚህ ቅደም ተከተል አንብቡት።

*መጀመሪያ መሀሉን።* የትልቁ ክብ እምብርት ሰማዩ የሚዞርበት የሰሜን ዋልታ ነው። ዙሪያው ያለችው ትንሽ ክብ ከኮሪያ ሆኖ ሲታይ ፈጽሞ የማይጠልቁ ከዋክብትን ትይዛለች።

*ቀጥሎ ሁለቱን የተጣመሩ ክቦች።* እኩል ናቸው፤ ግን እምብርታቸው አንድ አይደለም፤ ሁለት ቦታ ይቋረጣሉ። አንዱ የሰማይ ወገብ ነው። ሌላው ፀሐይ በዓመት የምትዞርበት መንገድ ነው። የሚቋረጡባቸው ሁለት ነጥቦች ቀንና ሌሊት እኩል የሚሆኑባቸው ቀናት ናቸው፤ በእኛ መጋቢት 11 እና መስከረም 13 ግድም።

*ከዚያ ከመሀል የሚወጡትን ጨረሮች።* ሰማዩን 28 ቦታ ይከፍሉታል፤ ስፋታቸው እኩል አይደለም። ጨረቃ በየሌሊቱ የት እንዳለች የሚናገሩት በእነዚህ ነው።

*በመጨረሻ የነጥቦቹን መጠን።* እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ይህ ነው። የደመቁት ከዋክብት ትልልቅ፣ የደበዘዙት ትንንሽ ተደርገው ተቀርጸዋል። በድሮ የቻይና ካርታዎች ነጥቦቹ እኩል ናቸው። ድንጋይ ጠራቢው ሰማዩን ዓይን በሚያየው መንገድ ነው ያስቀመጠው።

2.5 ሙከራ አድርጉ። በሰማይ ወገብ አካባቢ በአንድ ረድፍ የተደረደሩትን ሦስቱን ከዋክብት ፈልጉ። ካገኛችኋቸው ወደ ትልቁ ክብ የውጭ ጠርዝ ውረዱ። ጠርዙ ላይ ብቻዋን ያለች ትልቅ ነጥብ አለች፤ ኮሪያውያን የሽማግሌው ኮከብ ይሏታል። ከሴኡል አትታይም። ከደቡቡ ደሴት ከጄጁ ከአድማስ ትንሽ ከፍ ብላ ስትታይ የረጅም ዕድሜ ምልክት ትባላለች። እኛ አገር ግን በጥርና በየካቲት ምሽት በደቡብ በኩል ከፍ ብላ ትደምቃለች። አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳር ወይም መቀሌ ያደገ ሰው ብዙ ጊዜ አይቷታል፤ ማን እንደሆነች ግን አልተነገረውም።

2.6 የውሃ ሰዓቱ። ጃግዮንግኑ እዚያው ምድር ቤት ለእይታ ቀርቦ እንደሆነ ጠይቁ። በ1434 በንጉሥ ሴጆንግ ትእዛዝ ጃንግ ዮንግሲል የሠራው ራሱ የሚደውል የውሃ ሰዓት ነው። ዋናው ጠፍቷል። በኋላ እንደገና የተሠራው በጽሑፍ ከቀረው መግለጫ ተነሥቶ ነው። ሲመለከቱት ከላይ ወደ ታች ተከተሉት፦ ውሃ ከትልልቅ ጋኖች ወደ ረጅሙ ቱቦ ይንጠባጠባል፤ ቱቦው ውስጥ ተንሳፋፊ ዘንግ ይነሣል፤ ዘንጉ ትንንሽ ኳሶችን ይለቃል፤ እነሱ ትልልቆቹን ይገፋሉ፤ አሻንጉሊቶቹም ደወል፣ ከበሮና ጎንግ ይመታሉ። ሲሠራ ካላገኛችሁት ጠባቂውን የማሳያ ሰዓት እንዳለ ጠይቁ፤ ከሌለ ማሳያ ቪዲዮ ካለ እሱን እስከ መጨረሻው ተመልከቱት።

ነገር ሲበላሽ፦ ድንጋዩ ለጥገና ወይም ለሌላ ትርኢት ተነሥቶ ከሆነ በግልባጩ ላይ ተመሳሳዩን ንባብ አድርጉ። ጠዋት ሰማዩ ጠርቶ ከሰዓት በኋላ ደመና እንደሚመጣ ትንበያው ከተናገረ ደግሞ ሙዚየሙን ተዉት፤ ቀጥታ ወደ ደረጃ 3 ሂዱ፤ ማታ ትመለሱበታላችሁ።

## ደረጃ 3፦ ቀትር፦ የፀሐይ ሰዓቱን ማንበብ

ስሙ አንግቡኢልጉ ነው። በሴጆንግ ዘመን በ1434 ሕዝብ በሚያልፍበት መንገድ ዳር ተተክሎ ነበር። ማንበብ የማይችል ሰው እንዲረዳውም ሰዓቶቹ በእንስሳት ሥዕል ተመልክተውበት ነበር።

3.1 ከሙዚየሙ ወጥታችሁ ወደ ግዋንግህዋሙን አደባባይ ሂዱ፤ በእግር ደቂቃዎች ነው። የሴጆንግ ሐውልት ፊት የፀሐይ ሰዓቱ፣ የዝናብ መለኪያውና የሰማይ ቀለበቶቹ አምሳያዎች ተተክለዋል። ነፃ ነው፤ በር የለውም፤ ሰዓት እላፊም የለበትም። ቤተ መንግሥቶቹ ውስጥም ሌሎች አሉ። እኔ የምመርጠው አደባባዩን ነው፤ ዛፍና ጣሪያ አይጋርደውም።

3.2 ከ5 ሰዓት ተኩል እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ድረሱ። ያኔ ጥላው ጥርት ያለ ነው።

3.3 የዘንጉን ግርጌ ፈልጉና ከዚያ በኩል ቁሙ። ግርጌው ደቡብ ነው፤ ጫፉ ወደ ሰሜን ዋልታ ያመለክታል። እናንተም ወደ ሰሜን ትመለከታላችሁ። የራሳችሁ ጥላ ሳህኑ ውስጥ እንዳይወድቅ ወደ ጎን ፈቀቅ በሉ።

3.4 የጥላውን ጫፍ ብቻ ያዙ። ጣታችሁን በሩቁ አቅጣጫ አስይዙ እንጂ ዕቃውን አትንኩ።

3.5 ሰዓቱን አንብቡ። ከዘንጉ በታች ወደ ሰሜን የሚሄደው ቁም መስመር ቀትር ነው፤ በእኛ 6 ሰዓት። ጥላው ከሱ በግራ ከሆነ ገና ቀትር አልደረሰም። በቀኝ ከሆነ አልፏል። በጥንታዊዎቹ ሰዓቶች ላይ ወፍራሞቹ መስመሮች ሁለት ሁለት ሰዓት የሚረዝሙትን የድሮ ሰዓቶች ይለያሉ፤ ቀጫጭኖቹ 15 ደቂቃ ናቸው። አምሳያው መስመሮቹን ካቀለላቸው በወፍራሞቹ መካከል ያሉትን ክፍተቶች ቁጠሩና 120 ደቂቃን ለነሱ አካፍሉ።

3.6 ከስልካችሁ ጋር አስታርቁት። "ተሳስቷል" የሚባለው እዚህ ነው። የኮሪያ ሰዓት የተሰላው በ135 ዲግሪ ምሥራቅ መስመር ነው። ሴኡል ግን 127 ዲግሪ ላይ ናት። ለእያንዳንዱ ዲግሪ 4 ደቂቃ ነው፤ 8 ጊዜ 4፣ 32 ደቂቃ። ስለዚህ ጥላው በሚላችሁ ላይ 32 ደቂቃ ጨምሩ።

ከዚያ የወቅቱን ልዩነት አስተካክሉ። ምድር ፀሐይን የምትዞረው በእኩል ፍጥነት አይደለም፤ ዘንጓም ያዘነበለ ነው። በየካቲት መጀመሪያ ተጨማሪ 14 ደቂቃ ጨምሩ። በጥቅምት ማብቂያ 16 ደቂቃ ቀንሱ። ሚያዝያ 7፣ ሰኔ 6፣ ነሐሴ 26 እና ታኅሣሥ 16 አካባቢ ምንም አትንኩ።

ምሳሌ፦ ጥቅምት ማብቂያ ላይ ጥላው ከቀትር መስመር በስተቀኝ 30 ደቂቃ ላይ ነው። 6:30 ማለት ነው። 32 ስንጨምር 7:02። 16 ስንቀንስ 6:46። ስልካችሁ በእኛ አቆጣጠር 6:46 ግድም ማለት አለበት። ጥቂት ደቂቃ ቢለያይ ደህና ነው። ከ10 ደቂቃ በላይ ከተለያየ ግን የጫፉን ጥላ ሳይሆን የዘንጉን አካል ጥላ አንብባችኋል፤ ወይም ቀኝና ግራ አቀያይራችኋል።

3.7 ቀኑን አንብቡ። አግድሞቹ መስመሮች 13 ናቸው። ዓመቱ ለ24 ወቅቶች ይከፈላል። ሁለቱ ዳርቻዎች የየራሳቸው መስመር አላቸው፤ የቀሩት 11 መስመሮች እያንዳንዳቸው ሁለት ወቅት ይጋራሉ። ወደ ሰሜኑ ጠርዝ የቀረበው መስመር ታኅሣሥ 12 ግድም ነው፤ ሌሊቱ የሚረዝምበት። በሌላው ዳር፣ ወደ ዘንጉ ግርጌ የቀረበው ሰኔ 14 ግድም ነው፤ ቀኑ የሚረዝምበት። መሀለኛው ቀንና ሌሊት እኩል የሚሆኑበት ነው። ጥላው የትኛው መስመር አጠገብ እንዳለ እዩና ከወሩ ጋር አመሳክሩ።

ነገር ሲበላሽ፦ ደመና ከሆነ እዚያ ቆማችሁ አትጠብቁ። ደረጃ 4ን አስቀድሙ፤ ቻንግግዮንግጉንግ ውስጥም የፀሐይ ሰዓት አለ። ስስ ደመና ከሆነና ጥላው ደብዛዛ ከሆነ ነጭ ወረቀት ከጥላው ጫፍ አጠገብ ያዙ፤ ድንበሩ ይለያል።

## ደረጃ 4፦ ከሰዓት በኋላ፦ ሁለቱ መድረኮች

እነዚህን ሰው ረግጧቸው ነው የሚያልፈው። ብዙ ጊዜ አይወስዱም።

4.1 በ3ኛው መስመር አንድ ጣቢያ ሂዱና አንጉክ ውረዱ፤ መውጫ ቁጥር 3። ትንሽ እንደሄዳችሁ በትልቁ የመሥሪያ ቤት ሕንፃ ፊት ከድንጋይ የተሠራ መድረክ አለ። ግዋንሳንግጋም የተባለው የመንግሥት የሥነ ፈለክ መሥሪያ ቤት መመልከቻ ነበር። ዛሬ መኪና ማቆሚያና ሕንፃ ከብቦታል። ዙሩትና ላዩ ጠፍጣፋ መሆኑን እዩ፤ መሣሪያው የሚቀመጠው እዚያ ነበር።

4.2 ወደ ቻንግግዮንግጉንግ ሂዱ። በ1688 የተሠራው መድረክ 3 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው፤ ደረጃም አለው። ደረጃውን አትውጡ፤ ክልክል ነው። የሥነ ፈለክ ሠራተኞቹ ሌሊቱን በፈረቃ እዚህ ይቆሙ ነበር። በግቢው ውስጥ የነፋስ አቅጣጫ የሚያሳይ ባንዲራ የሚተከልበት የድንጋይ ምሰሶም አለ፤ አጠገቡ የፀሐይ ሰዓት ታገኛላችሁ።

ነገር ሲበላሽ፦ ከቻንግዶክጉንግ ወደ ቻንግግዮንግጉንግ በውስጥ በር መሻገር ይቻላል፤ ግን ለየብቻ ትኬት ይጠይቃል። የምትፈልጉት መድረኩን ብቻ ከሆነ ዙራችሁ በዋናው በር በሆንግህዋሙን ግቡ። ይረክሳል።

## ደረጃ 5፦ ግዮንግጁ፦ ቾምሶንግዴ

5.1 ጣቢያውን አትሳሳቱ። ከሴኡል ጣቢያ በፈጣኑ ባቡር ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። መውረጃው ግዮንግጁ ይባላል። የቆዩ መመሪያዎች ሺንግዮንግጁ ይሉታል፤ ያው ነው፤ ስሙ የተቀየረው በ2023 ማብቂያ ነው። ከተማው መሀል የነበረው የድሮ ግዮንግጁ ጣቢያ ተዘግቷል። የቆየ መጽሐፍ ይዘው "ከጣቢያው በእግር ይደረሳል" ብለው የሚወርዱ ሰዎች አሉ። አይደረስም። ከአዲሱ ጣቢያ ወደ ከተማ አውቶቡስ ወይም ታክሲ ያዙ። የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ከመረጣችሁ ጉዞው ይረዝማል፤ የሚያወርዳችሁ ግን ከተማው ውስጥ ነው።

5.2 ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ግድም ድረሱ። ቀትር ላይ ብርሃኑ ድንጋዩን ያለሰልሰዋል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግን እያንዳንዱ የድንጋይ ረድፍ ጥላ ይይዛል፤ ለመቁጠር ይመቻል። መግቢያ አይከፈልም። በጥርና በታኅሣሥ ፀሐይ ቶሎ ስለምትጠልቅ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ።

5.3 ከደቡብ በኩል ቁሙና ቁጠሩ። ግንቡ በንግሥት ሶንዶክ ዘመን፣ ከ632 እስከ 647 ባለው ጊዜ የተሠራ ነው። ቁመቱ 9 ሜትር ከምናምን ነው። ከመሠረቱ በላይ ካለው የመጀመሪያ ክብ ረድፍ ጀምሩ። እስከ መስኮቱ 12 ረድፍ። መስኮቱ 3 ረድፍ ይይዛል። ከሱ በላይ ሌላ 12። በድምሩ 27። ሶንዶክ ደግሞ ሺላ የተባለው የጥንት የኮሪያ መንግሥት 27ኛዋ ገዥ ነበረች። አናቱ ላይ ያሉትን የተጠላለፉ ረጃጅም ድንጋዮች አብራችሁ አትቁጠሩ።

አስጎብኚዎች "ድንጋዮቹ እንደ ዓመቱ ቀናት 365 ናቸው" ይላሉ። ቁጥሩ የትኞቹን ድንጋዮች እንደምታስገቡ ይለያያል። ወደ 365 የቀረበ ነው ማለት ይበቃል።

5.4 በሩን አትፈልጉ። የለም። መግቢያው መስኮቱ ነው። ውስጡ እስከ መስኮቱ ድረስ በአፈርና በድንጋይ ተሞልቷል። ሠራተኛው በመሰላል ወደ መስኮቱ ይወጣል፤ ከዚያ በውስጥ ወደ አናቱ። ይህን ካላወቃችሁ ግንቡ ትርጉም አይሰጥም። በእርግጥ ከዋክብት ይታዩበት ነበር ወይስ ለሥርዓተ አምልኮ ነበር የሚለው ክርክር አሁንም አለ። አናቱ ላይ ያለውን አራት ማዕዘን ክፈፍ ተመልክታችሁ የራሳችሁን ፍርድ ስጡ፤ እኔ የመመልከቻነቱ ወገን ነኝ።

5.5 ዙሩት። በመስከረም 2016 ግዮንግጁን 5.8 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ መትቷት ነበር። ግንቡ ትንሽ አዘነበለ እንጂ አልወደቀም። ከምሥራቅ ወይም ከምዕራብ በኩል ሆናችሁ እዩት፤ ቀጥ ብሎ እንዳልቆመ ይታወቃል።

5.6 ሲመሽ ቶሎ ትታችሁት አትሂዱ። መብራት ይበራል፤ ለፎቶ ያምራል። ለከዋክብት ግን መብራቱ ጠላት ነው። ከዋክብት ማየት ከፈለጋችሁ ከተማውን ለቅቃችሁ ጨለማ ወዳለበት ሂዱና የሰሜን ኮከብን ፈልጉ። አዲስ አበባ ላይ ከአድማስ 9 ዲግሪ ብቻ ከፍ ስለምትል ተራራና ሕንፃ ይጋርዳታል። እዚህ ወደ 36 ዲግሪ ትወጣለች። የካርታው ትንሽ መሀለኛ ክብ ለምን ያን ያህል እንደሰፋች ያኔ ይገባችኋል።

ተጨማሪ ቀን ካላችሁ፦ የቦህዮንሳን ተራራ ከግዮንግጁ ብዙም በማይርቀው ዮንግቾን ነው። ቴሌስኮፑ ለምርምር ነው፤ ዘው ተብሎ አይገባም። ከተራራው ግርጌ ለሕዝብ የተሠራ የሥነ ፈለክ ማሳያ አለ። የገጠር አውቶቡስ ጥቂት ነው። የመመለሻውን ሰዓት ሳታረጋግጡ አትውጡ።

## ደረጃ 6፦ ትንሹን የፀሐይ ሰዓት ገዝታችሁ ብትመለሱ

የሙዚየም ሱቆች ውስጥ የአንግቡኢልጉ ትንንሽ አምሳያዎች ይሸጣሉ። ከመክፈላችሁ በፊት የዘንጉ ጫፍ በሳህኑ አፍ ልክ መሀል ላይ መሆኑን ተመልከቱ። ካልሆነ ጌጥ ነው፤ ሰዓት አይቆጥርም።

ቤት ስትደርሱ ጠረጴዛ ላይ ብቻ ብታስቀምጡት አይሠራም። የተሠራው ለሴኡል 37 ዲግሪ ተኩል ኬክሮስ ነው። እንዲህ አስተካክሉት፦

1. የዘንጉን ጫፍ ወደ ሰሜን አዙሩ። የስልክ ኮምፓስ ብረት አጠገብ ይሳሳታል፤ ራቅ አድርጋችሁ ለኩ።
2. የደቡቡን ጎን ከፍ አድርጉ። አዲስ አበባ ከሆናችሁ 28 ዲግሪ ተኩል ያህል። ዱባይ 12። ቴል አቪቭ 5 ተኩል። ዋሺንግተን ዲሲ ላላችሁ ግን ኬክሮሱ ከሴኡል ጋር ስለሚቀራረብ እንዳለ አስቀምጡት። ለመለኪያ የስልክ ዲግሪ መለኪያ ይበቃል፤ ከሥሩ መጽሐፍ ወይም ሽብልቅ አድርጉ።
3. የደቂቃውን ልዩነት አስተካክሉ። አዲስ አበባ ላይ ጥላው በሚላችሁ ላይ 25 ደቂቃ ጨምሩ። ዱባይ 19 ጨምሩ። ቴል አቪቭ 19 ቀንሱ። ዋሺንግተን 8 ጨምሩ። ሰዓት ወደፊት በሚገፋበት ወቅት ቴል አቪቭና ዋሺንግተን ያላችሁ አንድ ሰዓት ተጨማሪ አክሉ።
4. በ3.6 ያለውን የወቅት ልዩነት በመጨረሻ አስገቡ።

አሁንም ካልገጠመ ሁለት ነገር ፈትሹ። አንደኛ፣ የኮምፓስ ሰሜን እውነተኛው ሰሜን ላይሆን ይችላል፤ ዋሺንግተን ላይ ልዩነቱ 10 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ስልካችሁ እውነተኛውን ሰሜን እንዲያሳይ ሴቲንግ ውስጥ አስተካክሉት። ሁለተኛ፣ ከፍ ያደረጋችሁት የሰሜኑን ጎን ሊሆን ይችላል። ዘንጉ አዲስ አበባ ላይ ወደ አግድም ሊተኛ ምንም አይቀረው። ሽቅብ ካየ ገልብጣችሁታል፤ ሽብልቁን ወደ ሌላው ጎን አዙሩት።